ሰዎቹ የት ሄዱ? ጃዝ በቢግ ባንድ እና በፈንክ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ ቡናው ሲፈላ ክርክሩም አብሮ ይፈላል። ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ የ78 ዓመቱ አጎቴ እና የ17 ዓመቱ ልጄ። አጎቴ በወጣትነታቸው በአንድ የወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ልጄ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ግድግዳ የሚጋሩን ጎረቤቶቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ሁለቱም ጃዝ ይወዳሉ። የሚጣሉትም በዚሁ ነው።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ የኸርቢ ሃንኮክን «ካሜሊየን» ከፈተ። ከ15 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሥራ ነው። መጀመሪያ አንድ ወፍራም የቤዝ ድምፅ ብቻውን ይመጣል፤ ያንኑ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይቆያል፤ ከዚያ ድራሙ ይገባል፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ይከተላሉ። አጎቴ ሲኒያቸውን እንደያዙ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሡ።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አሉ በመጨረሻ።

«የትኞቹ ሰዎች አባባ?»

«ነፊዎቹ ናቸዋ!»

ሁላችንም ሣቅን። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። አጎቴ «ሰዎቹ» ሲሉ የሚያስቡት የራሳቸውን ጓደኞች መሆኑን አውቃለሁና። ስለዚህ ሁለቱን ጃዞች ጎን ለጎን አድርጌ መስማት ጀመርኩ።

አሥራ ስድስት ሰው ሲነጋገር

የአጎቴ ጃዝ የካውንት ቤይሲ እና የዱክ ኤሊንግተን ጃዝ ነው። ቢግ ባንድ ሲባል የተለመደው አሰላለፍ አራት ትራምፔት፣ ሦስት ወይም አራት ትሮምቦን፣ አምስት ሳክስፎን፣ ከእነሱ ጋር ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝ እና ድራም ነው። 16 ሰው ገደማ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው እንደየፍላጎቱ ቢነፋ መድረኩ ገበያ ይሆናል። ስለዚህ የቢግ ባንድ ትልቁ ሰው ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ የማይታየው አቀናባሪ ነው። ሳክስፎኖቹ ይጠይቃሉ፣ ትራምፔቶቹ ይመልሳሉ፣ ትሮምቦኖቹ ከሥር ሆነው ያጉረመርማሉ። አውጪና ተቀባይ ያለበትን ዘፈን ለለመደ የእኛ ጆሮ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም።

ኤሊንግተን ሲጽፍ ለመሣሪያ ሳይሆን ለሰው ነበር የሚጽፈው ይባላል። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ባሪቶን ሳክስፎን ተጫዋቹ ሃሪ ካርኒ እ.ኤ.አ. በ1927 ባንዱን ተቀላቀለ፤ ኤሊንግተን እስኪሞት ድረስም አልተለየውም። 46 ዓመት ከአንድ ሰው ጋር ከኖሩ ትንፋሹን ያውቁታል፤ የት ላይ እንደሚያጥረው፣ የት ላይ እንደሚያምርበት ሳይቀር።

ቤይሲ ግን ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። በ1930ዎቹ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ብዙው ቅንብር በወረቀት ላይ አይጻፍም ነበር። አንዱ ነፊ አጭር ሐረግ ይጀምራል፣ ጎኑ ያለው ይይዝለታል፣ ወዲያው መላው ረድፍ ይቀበለዋል፤ ሌላው ረድፍ ደግሞ በላዩ ላይ የራሱን ሐረግ ይደርባል። ይህች የምትደጋገም አጭር ሐረግ «ሪፍ» ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1937 የተቀረጸውን «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ» ወደ መጨረሻው ሲደርስ ያድምጡት፤ ሪፍ በሪፍ ላይ እየተደራረበ ቤቱን ሲያነሣው ይሰማሉ። እባክዎ ይህችን ሪፍ የምትባል ነገር ያስታውሷት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ምቱን ለማግኘት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። እግርዎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ይምቱ፤ ሁለት እና አራት ላይ ያጨብጭቡ። ስዊንግ ያ ነው። ባሱ በየምቱ አንዳንድ እርምጃ እየተራመደ ይሄዳል፣ ድራመሩ ጸናጽሉን ያንሾካሽካል፣ ሁሉም ነገር ወደፊት የሚንሸራተት ይመስላል። በቤይሲ ባንድ ውስጥ ይህን ምት ከያዙት አንዱ ፍሬዲ ግሪን የተባለው ጊታሪስት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በ1987 እስኪሞት ድረስ በዚያ ባንድ ውስጥ በየምቱ አንድ ጊዜ እየመታ ተቀመጠ። ብቻውን የተጫወተበትን ሥራ መፈለግ መርፌ እንደመፈለግ ነው። ልጄ ይህን ስነግረው «ሃምሳ ዓመት ያለ ሶሎ?» ብሎ ሊያምነኝ አልፈለገም።

ሂሳቡ ሲመጣ

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሰው የት ሄደ? አሜሪካ ውስጥ መልሱ በአብዛኛው የገንዘብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተጫዋቾች ለውትድርና ተጠሩ፣ ነዳጅና ጎማ በራሽን ሆነ፣ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ መዞር ከባድ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1942 ጀምሮ የሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር ተጣልቶ አባላቱ እንዳይቀረጹ ከለከለ፤ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ጋር ሙሉ በሙሉ የታረቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1944 ደግሞ ሰው በሚደንስባቸውና በሚዘፈንባቸው ቤቶች ሂሳብ ላይ 30 በመቶ ግብር ተጣለ፤ በኋላ ወደ 20 ቢወርድም ባለቤቶቹ ትንንሽ ባንድ መቅጠርን ለምደው ነበር። በ1946 መጨረሻ በርካታ ስመ ጥር ባንዶች ተበተኑ። ቤይሲ ራሱ በ1950 ባንዱን በትኖ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሠርቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን መልሶ ሰበሰበ።

አምስት ሰው፣ አሥራ ስድስት ቦታ

አሁን ወደ ልጄ ጃዝ። ፈንክ የጃዝ ልጅ ነው ስንል ለማሳመር አይደለም፤ የልደት ቀኑ ላይ ምስክሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጄምስ ብራውን «ኮልድ ስዌት»ን ሲያወጣ አብሮት የሠራው ፒዊ ኤሊስ ከሶኒ ሮሊንስ ዘንድ የተማረ የጃዝ ሳክስፎኒስት ነበር። የዚያ ዘፈን የነፊዎች ሐረግ ከማይልስ ዴቪስ የ1959 ሥራ «ሶ ዋት» የመነጨ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ሁለቱን አከታትለው ከሰሙ ዝምድናው ወዲያው ይገባዎታል፤ በአንዱ ለስላሳ መልስ የነበረው በሌላው ጡጫ ሆኗል።

የተለወጠው ምቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጄምስ ብራውን ሙዚቀኞቹን የሚያስጨንቀው በመጀመሪያው ምት ነበር፤ «አንዱ» ላይ ሁሉም አብሮ ማረፍ አለበት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምት በአራት ይከፋፈላል፤ በአንድ ዙር ውስጥ 16 ትንንሽ ቦታዎች ይፈጠራሉ። ድራሙ ጥቂቶቹን ይወስዳል፣ ቤዙ ሌሎችን፣ ጊታሩ የቀሩትን፤ ነፊዎቹ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ማንም በሌላው ቦታ አይገባም። ቢግ ባንድ 16 ሰው ያስቀምጥበት በነበረው ስፍራ ፈንክ 16 ቦታ አስቀመጠ ብል ብዙም የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ልጄ ለአጎቴ የሰጠው መልስም ይኸው ነበር፤ «አባባ፣ አምስት ናቸው፤ ግን አምስቱም ከበሮ ናቸው።»

አምስት ያለው «ካሜሊየን» የተካተተበትን «ሄድ ሀንተርስ» የተባለውን አልበም ተጫዋቾች ነው። ሃንኮክ ኪቦርድ፣ ቤኒ ሞፒን ሳክስፎን፣ ፖል ጃክሰን ቤዝ፣ ሃርቪ ሜሰን ድራም፣ ቢል ሰመርስ ሌሎች ከበሮዎችና ኳኳታዎች። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ሲሆን ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ከተሸጡ የመጀመሪያዎቹ የጃዝ አልበሞች አንዱ ነው። ሁለቱን ዘመኖች በአንድ ዜማ ለማነጻጸር ለሚፈልግ ሰው ግን እዚያው አልበም ላይ ከ«ካሜሊየን» የሚሻል አለ፤ «ወተርሜለን ማን»።

ሃንኮክ ይህን ዜማ በመጀመሪያ የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1962፣ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ ነው። በልጅነቱ በቺካጎ ጓሮ መንገዶች ላይ የሐብሐብ ሻጩ ጋሪ በድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ይሰማው የነበረውን አስታውሶ ነው የጻፈው። የ1962ቱ ቅጂ ፒያኖ፣ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ቤዝ እና ድራም ያለው ደስተኛ ሥራ ነው፤ የቢግ ባንድ መሪው ዉዲ ኸርማንም ብዙም ሳይቆይ ለነፊዎቹ አስቀንብሮ ተጫውቶታል፤ ነፊ ለማብዛት የተመቸ ዜማ ነውና። በ1973 ግን ያው ዜማ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። ሲጀምር ቢል ሰመርስ የቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ እየነፋ፣ በትንፋሾቹ መካከል በራሱ ድምፅ እየጮኸ፣ ትንንሽ ድምፆችን ይሰፋል። ይህን ዘዴ የወሰደው በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ከሚኖሩ የባቤንዜሌ ሕዝቦች ነው። ጋሪው አሁን በድንጋይ ላይ አይሮጥም፤ ከብዶት፣ እየተወዛወዘ ይሄዳል።

ይህን ለአጎቴ ያሰማኋቸው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ጠርሙሱ ሲጀምር ቅንድባቸውን አነሡ።

«ይሄ እኮ እምቢልታ ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። በእኛ አገር እምቢልታ ሦስት ሆነው የሚነፉ ሰዎች ሥራ ነው። ዋሽንቱ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ወይም ሁለት ድምፅ ናት። ተራውን ጠብቆ ያቺን ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚሠራው ከሦስቱ ተራ ነው። ማንም ብቻውን ዜማ የለውም። እኔ በብዙ አንቀጽ ለማስረዳት ስታገል የነበረውን የፈንክ ነገር አጎቴ በአንድ ቃል ጨረሱት፤ ያውም ፈንክን ሊነቅፉ በተቀመጡበት።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ

«ሄድ ሀንተርስ» አሜሪካ ውስጥ ለገበያ በቀረበበት በዚያው ሰሞን፣ በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የ74 ዓመቱ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ። ከእኛ ወገን አብሮት ከነበሩት መካከል ሙላቱ አስታጥቄ ይገኝበታል። በለንደን ትሪኒቲ፣ በቦስተን በርክሊ የተማረው ሙላቱ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን አውጥቶ ነበር፤ ቫይብራፎኑ፣ ኮንጋው፣ የሚያላዝነው ጊታር፣ ከሥር የሚዞረው ቤዝ ያለበትን። ሁለቱ ጃዞች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰሞን ተገናኝተው ነበር ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባም ለኤሊንግተን ባዳ ከተማ አልነበረችም። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 አርመናውያን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ካቋቋሙት የነሐስ ባንድ ጀምሮ፣ እስከ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ እና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ድረስ፣ ከተማዋ ሰልፍ ሠርተው የሚነፉ ሰዎችን ለምዳለች። የቴአትር ቤቱን ኦርኬስትራ ያሠለጠነውና ያቀናበረው ነርሰስ ናልባንዲያንም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነው። የአጎቴ ጆሮ የተሠራው በዚያ ነው።

ኤሊንግተን ከስድስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 1966 ዓ.ም.፣ ዐረፈ። እዚህም አብዮቱ ፈንድቶ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ሰዓት እላፊ የዚያን ዘመን ሙዚቀኛ ሁሉ ያወራል፤ ማታ የሚሠራ ሰው ማታ ከቤት መውጣት ተከለከለ። አጎቴ ግን የሚያማርሩት ከዚያ በኋላ በመጣው ነው። በአንድ ሆቴል ውስጥ ከሦስት ነፊ ጓደኞቻቸው ጋር ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ለልምምድ ሲደርሱ መድረኩ ላይ ኪቦርድ ቆሞ አገኙ። «በአንድ ጣት አራታችንንም ይሆናል» አላቸው ኃላፊው፤ ለማስቀየም ሳይሆን እየተደነቀ። ትራምፔታቸው ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ቁም ሣጥን ላይ ነው የኖረው። ስለዚህ ልጄ ሲንተሳይዘር ሲከፍት እሳቸው የሚሰሙት ሃንኮክን አይደለም፤ ያን ማለዳ ነው።

ይህን ለልጄ የነገርኩት በቅርቡ ነው። ዝም አለ። ከዚያ «እኔ እኮ ለሙዚቃው ነው» አለ። እሱም ልክ ነው።

ቤት የተለዋወጡት

እኔ የትኛውን እንደምመርጥ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። ቢግ ባንድ ያለውና ፈንክ የሌለው አንድ ነገር አለ፤ የድምፅ ዝቅታ። የቤይሲን «ሊል ዳርሊን» ይስሙ። አቀናባሪው ኒል ሄፍቲ ፈጠን እንዲል አስቦ አምጥቶት ነበር፣ ያዘገየው ቤይሲ ነው ይባላል። 12 ነፊ አብረው፣ ልጅ ያስተኙ ይመስል፣ በሹክሹክታ ይነፋሉ። ብዙ ሰው ሆኖ ዝቅ ማለት ጥቂት ሆኖ ዝቅ ከማለት እጅግ ይከብዳል፤ ፈንክም ለዚህ ትዕግሥት ያለው አይመስለኝም። በአንጻሩ የቢግ ባንድ ደካማ ጎን መጠናቀቁ ነው። ሁሉም ተጽፏል፣ ሁሉም ታርሟል። የ«ሄድ ሀንተርስ» ሰዎች አንዲት ሐረግ ይዘው እስኪሰለቻቸው፣ ከመሰልቸትም አልፈው እንደገና እስኪጣፍጣቸው ሊቆዩ ይችላሉ። ለዚህ ዓይነቱ መቆየት 16 ሰው ይበዛል።

ይህን ለመፈተን ጥሩ ሥራ አለ። ካናዳዊው ትራምፔተኛ ሜይናርድ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያንኑ «ካሜሊየን» በቢግ ባንድ ተጫውቶታል። የቤዙ ሐረግ አለ፣ በላዩ ላይ ግን ትራምፔቶች ጣራ ይነካሉ። ያዝናናል፤ ግን ለእኔ ትንሽ ይጮኻል፤ እንስሳው ቀለሙን የሚቀይረው ቀስ ብሎ ነበርና። የእኛው «ሙዚቃዊ ስልት» በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ግርማ በየነ የደረሰውንና ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. በኦርጋንና በቤዝ የቀረጸውን ይህን ሥራ፣ በሳክስፎኒስቱ ራስ ገርሾን የሚመራው የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ለነፊዎች ሲያቀናብረው ፈንኩ አልጠፋም፤ ነፊዎቹ ጣልቃ ሳይገቡ ከቤዙ ጋር መዞርን መርጠዋል።

በተቃራኒው የሄደም አለ። ጄምስ ብራውን ራሱ «ሶል ኦን ቶፕ» በተባለው የ1970 አልበሙ ከድራመሩ ሉዊ ቤልሰን ቢግ ባንድ ጋር ዘፍኗል፤ አቀናባሪው ኦሊቨር ኔልሰን ነው። የራሱን የፈንክ ዘፈኖች በዚያ ሁሉ ነፊ መካከል ሲዘፍን ያልተመቸው አይመስልም። ከሁሉም የምወደው ግን የትሮምቦን ተጫዋቹን የፍሬድ ዌስሊን ታሪክ ነው። ለዓመታት የጄምስ ብራውን የሙዚቃ መሪ ሆኖ እነዚያን ስለታም የነፊ ሐረጎች የሠራ ሰው ነው፤ ቀጥሎም ከጆርጅ ክሊንተን ጋር የለየለትን ፈንክ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 የት ገባ? ካውንት ቤይሲ ኦርኬስትራ። ከፍሬዲ ግሪን ጋር አንድ መድረክ ላይ ተቀመጠ። ቅድም ያስታውሷት ያልኳት ሪፍ እዚህ ላይ ነው የምትመለሰው። ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በወረቀት ሳትጻፍ ከአፍ ወደ አፍ ትያዝ የነበረችው አጭር ሐረግ በጄምስ ብራውን ልምምድ ክፍል ውስጥም በዚያው መንገድ ነበር የምትሠራው። ዌስሊ ቤት የለወጠ መሰለን እንጂ የሄደው ወደ አያቱ ቤት ነው።

ባለፈው እሑድ ይህን የዌስሊን ነገር ለአጎቴ ነገርኳቸውና ልጄ የጄምስ ብራውንን ባንድ ከፈተላቸው። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ነፊዎቹ ብቅ ባሉ ቁጥር ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ሦስት ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሱ ነበር፤ የትራምፔት ጣት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ስንት ነፊ ነው ያለው?» አሉ ሲያልቅ።

«አራት አምስት ይሆናሉ አባባ።»

«እኛ ሆቴሉ ውስጥ አራት ነበርን» አሉና ሲኒያቸውን ለሁለተኛው ዘረጉ። «ድገመው እስቲ። ደግሞ ያን ባስህን ቀነስ አድርገው፤ ሰዎቹን አላሰማህ አለኝ።»